ልጃችን ወደ ኦነርስ ኮሌጅ ትግባ ወይስ በመደበኛው ትማር?

የልጅ አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የመጀመሪያ ልጃችን በዚህ ዓመት ሃይስኩል ታጠናቅቃለች፤ በኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲም ተቀብሏታል። ከዚሁ ጋር ወደ ኦነርስ ኮሌጁ፣ ማለትም ተመርጠው ለተጋበዙ ተማሪዎች ወደተዘጋጀው ልዩ ፕሮግራም፣ እንድትገባ የሚጋብዝ ደብዳቤ ደርሷታል። ለብቻው ያመለከተችበት አይደለም፤ ማመልከቻዋን እስከ ኖቬምበር 1 ድረስ ስላስገባች በዚያው ታይቶላት ነው። ባለቤቴ ደብዳቤውን በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች። ከሥራ በገባሁ ቁጥር አነበዋለሁ፤ ነገር ግን እስከ ሜይ 1 ድረስ ምን ብለን መልስ እንደምንሰጥ እስካሁን አልቆረጥንም።

ልጅቷ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች፤ ስለዚህ የኬሚስትሪውና የባዮሎጂው ጫና ሳያንስ ተጨማሪ ሸክም ውጤቷን ዝቅ ያደርግባታል ብለን እንሰጋለን። ሌላው የገንዘቡ ነገር ነው። እኛ ያቀድነው ከቤት እየተመላለሰች፣ ማለትም በሜትሮ ባቡር በቀዩ መስመር እስከ ፎርት ቶተን ሄዳ ከዚያ በአረንጓዴው መስመር ኮሌጅ ፓርክ እየደረሰች እንድትማር ነበር። የኦነርስ ፕሮግራሞቹ ግን ተማሪዎቹ በአንድ ዶርም አብረው እየኖሩ እንዲማሩ ታስበው የተዘጋጁ መሆናቸውን አይተናል፤ የዶርሙና የምግቡ ወጪ ደግሞ ለእኛ ቀላል አይደለም። ታናናሾችም አሏት።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ወሬውን ሲሰሙ «በማዕረግ ልትመረቅ ነው» ብለው እልል አሉ። እውነቱን ለመናገር እኔም እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም ልጆቻችሁን ያሳለፋችሁ ምክራችሁን እንድትለግሱን በትሕትና እጠይቃለሁ።

የጀምስቶን ተመራቂ አባት

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አላችሁ። እኛም የዛሬ ጥቂት ዓመታት እዚሁ ጥያቄ ላይ ቆመን ስለነበር በቅድሚያ የስሙን ነገር ላጥራልዎ። በአገራችን «በማዕረግ»፣ «በከፍተኛ ማዕረግ» የሚባለው ተማሪው ሲመረቅ ባስመዘገበው ውጤት የሚሰጥ ነው። ይህ በሜሪላንድም አለ፤ ከየኮሌጁ ተመራቂዎች መካከል በውጤታቸው ከላይ ላሉት 10 በመቶ ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ልጅዎ ኦነርስ ኮሌጅ ገባች አልገባች ከዚህ ጋር አይገናኝም። ኦነርስ ኮሌጅ ማለት ግን የአማማር መንገድ ነው። በመግቢያ ኮርሶች በትልቅ አዳራሽ ከመቶዎች ጋር ተቀምጦ ከመስማት ሌላ፣ ሃያ በማይሞሉ ተማሪዎች ፊት ሐሳብን እያቀረቡና እየተከራከሩ መማርን ይጨምራል።

በኮሌጁ ሥር ያሉት ፕሮግራሞችም አንድ ዓይነት አይደሉም። ልጄ የገባበት ጀምስቶን በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሲሆን አራቱንም ዓመት ይዘልቃል። የተለያየ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ያላቸው ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት ቡድን ይመሠርታሉ፤ ራሳቸው በመረጡት አንድ ችግር ላይ በአማካሪ መምህር እየተመሩ ምርምር ያካሂዳሉ፤ በመጨረሻው ዓመት የጋራ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በባለሙያዎች ፊት አቅርበው ይሟገታሉ። እኔና እናቱ ያን ቀን ከኋላ ወንበር ተቀምጠን ነበር። የምህንድስናው ልጅ ሲናገር የሥነ ሕይወቷ ልጅ ትቀበለዋለች፤ ከጠያቂዎቹ አንዱ ናሙናችሁ ለምን አነሰ ብለው ሲያፋጥጧቸው ልጄ ማይክሮፎኑን ወደ ራሱ ስቦ፣ የመጀመሪያው ዙር ሙከራ ለምን እንደተበላሸና ከዚያ ምን እንደቀየሩ አንድም ሳይደብቅ አስረዳ። በቤት ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስከትሎ የማይናገር ልጅ ነበር። ለእኔ የአራቱ ዓመት ዋጋ ያ መልስ ነው።

ይሁን እንጂ ቀላል አልነበረም። ሦስተኛው ዓመት ላይ ሁለት የቡድኑ አባላት ወጥተው ሥራቸው በቀሩት ላይ ወደቀ፤ ልጄም ልተወው ነው ብሎ ለብዙ ሳምንታት ሲያመነታ ነበር። ስለዚህ ልጅዎ የትኛውን ፕሮግራም እንደምታስቀድም ስትመርጥ ሁለት ዓመት የሚፈጀውንና አራት ዓመት የሚፈጀውን ለይታ እንድታይ ይሁን።

የሕክምና ተማሪ

እንደ አባቴ ስለማይዎት የደረሰብኝን በግልጽ እነግርዎታለሁ። እኔ በሌላ ክፍለ ግዛት በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ኦነርስ ገብቼ በሁለተኛው ዓመት ወጥቻለሁ። የገባሁት ወድጄው አልነበረም፤ ወላጆቼ በቤተ ክርስቲያን ለሰው ሁሉ ስለተናገሩ እምቢ ማለት ከበደኝ። በአንድ ሌሊት የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የላብራቶሪ ሪፖርትና የሴሚናሩን አሥራ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ለማድረስ ስሞክር ሁለቱም ሳይሆኑልኝ ነጋ። ያን ጊዜ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ወላጆቼን እንዳላሳፍር ብዬ አንድ ሴሚስተር ጨመርኩ፤ ጂፒኤዬን የጎዳውም ያ ሴሚስተር ነው።

አንድ ብዙ ወላጅ የማያውቀው ነገር አለ። እናንተ ባላችሁበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ ሃይስኩሎች በኦነርስ ወይም በኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ባለው) ክፍል የተገኘ ኤ በተመዘነው ጂፒኤ 5 ተብሎ ስለሚቆጠር፣ ከባዱን ክፍል መውሰድ ራሱ ይክሳል። ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክቱ ግን እንዲህ ያለ ጭማሪ የለም፤ የማመልከቻው ማዕከል የኦነርሱን ኤ ከመደበኛው ኤ ጋር እኩል 4 ብሎ ነው የሚያሰላው፤ ቢም ያው ቢ ነው።

ይህን ስል አትግባ ማለቴ አይደለም። ለሕክምና ትምህርት ቤት በቅርብ የሚያውቃት መምህር የሚጽፍላት የድጋፍ ደብዳቤና እውነተኛ የምርምር ልምድ ያስፈልጋታል፤ ሁለቱም በትንሽ ክፍል ውስጥ በቀላሉ ይገኛሉ። እኔ ግን ሁለቱንም ያገኘሁት ከኦነርስ ከወጣሁ በኋላ፣ የአንዲት ፕሮፌሰርን የቢሮ በር አንኳኩቼ ላብራቶሪያቸው ውስጥ በመሥራት ነው። አሁን ባትገባም በሩ አይዘጋባትም። ብዙ የትምህርት ክፍሎች፣ በሜሪላንድም ጭምር፣ የራሳቸው ኦነርስ አላቸው፤ ተማሪዋ ሜጀሯን ከለመደች በኋላ አመልክታ ትገባለች፣ የመመረቂያ ጥናቷንም በምትወደው ርዕስ ላይ ትሠራለች። ስለዚህ እርሷን ራሷን ይጠይቋት፤ ስትመልስም ስለ ስሙ ነው ወይስ ስለ ሥራው የምታወራው የሚለውን ልብ ብለው ያዳምጡ።

በገንዘብ ድጋፍ ቢሮ የሠራሁ

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ ልናገር። ኦነርስ መግባት በራሱ ስኮላርሺፕ አይደለም። በሜሪላንድ ትልቁ የውጤት ስኮላርሺፕ ባኔከር ኪ የሚባለው ሲሆን የሚሰጠው ለብቻው ነው፤ ደርሷት ከሆነ በደብዳቤ ይነገራታል። እንዲያውም እንደ አሪዞና ስቴት ያሉ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በኦነርስ ኮሌጃቸው ለሚማሩ ልዩ ክፍያ ያስከፍላሉ።

ፋፍሳ (የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ) ሞልታችሁ ከሆነ አንድ ነገር አስተውሉ። ዩኒቨርሲቲው የዓመት ወጪዋን ሲገምት ከወላጅ ጋር ለምትኖርና በዶርም ለምትኖር ተማሪ የተለያየ ሒሳብ ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ ለአንዱ የተሰጠውን የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ ሌላውን ማስላት ያሳስታል። ለቢሮው ደውላችሁ በሁለቱም መንገድ እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ፤ ከዚያም ውስጥ የማይመለሰውን ርዳታና የሚመለሰውን ብድር ለይታችሁ አስቀምጡ። ብድሩን እንደ ድጋፍ ቆጥረው በኋላ የደነገጡ ብዙ ቤተሰቦች አይቻለሁ። ከቤት እየተመላለሱ ኦነርስ መማር ይቻል እንደሆነም ራሱን ኦነርስ ኮሌጁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱ እንደየፕሮግራሙ ሊለያይ ይችላል።

የልጅ አባት (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የጻፋችሁትን ትናንት ማታ ከእራት በኋላ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለባለቤቴና ለልጄ አነበብኩላቸው። የሕክምና ተማሪዋ እንዳለችው ልጄን ጠየቅኋት። ስለ ስሙ አንድም ቃል አላነሳችም። አያቷ ከስኳር በሽታቸው ጋር ሲታገሉ የእግራቸው ቁስል እንዴት ሳይታወቅ እንደቆየ አስታወሰችና፣ ቁስሉን ቀድሞ የሚያሳይ ነገር ከምህንድስና ተማሪዎች ጋር መሥራት ብችል ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራችን። ይህን ሁሉ ስታስብ እንደነበር አናውቅም ነበር።

ስለዚህ ጀምስቶንን አስቀድማ፣ የሁለት ዓመቱን አስከትላ እንድትሞላ ተስማምተናል፤ ከከበዳት ደግሞ የማንንም ፊት ሳታይ እንድትወጣ እኔም እናቷም ቃል ገብተንላታል። የዶርሙ ጉዳይ ገና አልተቆረጠም። ሰኞ ጠዋት የእረፍት ቀኔ ስለሆነ ለገንዘብ ድጋፍ ቢሮውም ለኦነርስ ኮሌጁም እደውላለሁ፤ በሁለቱም መንገድ የተሰላውን ሒሳብ እንዳገኘሁ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።