ሳነበው የሚገባኝ እንግሊዝኛ ሳዳምጠው ያመልጠኛል

የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ የሚለካበትን የአይልትስ (IELTS) ፈተና ልወስድ አምስት ሳምንት ቀርቶኛል። በንባብ ክፍል ከ40 ጥያቄዎች 32 ወይም 33 እመልሳለሁ፤ ሰዋስውም እምብዛም አያስቸግረኝም። መላው የጠፋኝ የማዳመጡ ክፍል ነው። ቅጂው የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ፣ አንዱን መልስ ጽፌ ቀና እስክል ተናጋሪዎቹ ሁለት ጥያቄ አልፈው ይገኛሉ፤ በተለይ ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋር በሚወያዩበት በሦስተኛው ክፍል ከ10 ጥያቄ ከ4 በላይ አግኝቼ አላውቅም።

ላለፉት ስድስት ሳምንታት በየቀኑ አንድ ሙሉ የማዳመጥ ልምምድ ሠርቻለሁ፤ ነጥቤ ግን ከ40 ጥያቄዎች ከ24 ፈቀቅ አላለም። ፍጥነቱን ቀንሼ ሳዳምጥ ሁሉም ግልጽ ይሆንልኛል፤ ወደ መደበኛው ስመልሰው እንደገና ይጠፋኛል። የንግግሩን ጽሑፍ አውጥቼ ስመለከት የማላውቀው ቃል የለም ማለት ይቻላል። ትናንት «ሹድ ሃቭ» (should have) የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ብሰማም ጆሮዬ የያዘው «ሹደቭ» የሚል አንድ ቃል ነበር፤ ጽሑፉን ባላየው ኖሮ ተናጋሪዋ ሳታደርገው በቀረችው ነገር እየተቆጨች መሆኑን አላውቅም ነበር፤ መልሱ ደግሞ የተንጠለጠለው እዚያው ላይ ነው። ስለዚህ ችግሬ የቃላት እጥረት ሳይሆን ተያይዘው የሚነገሩ ድምፆችን መለየት አለመቻል ይመስለኛል።

በቀን ያለኝ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ መንገድ አልፋችሁ ነጥባችሁን ያሻሻላችሁ ሰዎች እንደምታዩት፣ በቀሩኝ ሳምንታት ሙሉ ፈተና መሥራቱን ትቼ የአንድና የሁለት ደቂቃ ቅንጭብ እየደጋገምኩ የሰማሁትን ቃል በቃል መጻፍ ላይ ባተኩር ይሻለኛል ወይስ ሁለቱን እያፈራረቅሁ ልቀጥል?