ጥቆማ፦ ደሴ ላይ ለልጅ የትኛው የጥርስ ሳሙና ይሻላል?

ሰሞኑን ሦስት እናቶች ይህንኑ ስለጠየቁኝ፣ በአንዴ ልመልስ።

አያቴ ወረኢሉ ገጠር ነው የኖረችው። የጥርስ ሳሙና አታውቅም፤ የወይራ መፋቂያ ብቻ። ሰማንያ አልፏት ቆሎ ትቆረጥም ነበር። የእኔ ልጅ ግን በ5 ዓመቷ ሁለት መንጋጋዋ ተቦረቦረ። የሄድንበት ክሊኒክ ነቅሎ ሸኘን፤ ስለ ሳሙና አንድ ቃል አልነገረንም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ምስጢሩ መፋቂያው ብቻ አይደለም። በአያቴ ቤት ስኳር ለእንግዳ ነበር የሚወጣው። ልጄ ግን ከረሜላ፣ ብስኩት፣ ለስላሳ ላይ ነው ያደገችው። ጥርስ ላይ ያለው ባክቴሪያ ስኳሩን አሲድ ያደርገዋል፤ አሲዱ ጥርስን ይበላል። ሳሙና ውስጥ የሚጨመረው ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ደግሞ የጥርሱን ሽፋን ያጠነክራል፣ ገና የጀመረውንም ጉዳት ይጠግናል። በአውሮፓና በአሜሪካ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የልጆች ጥርስ መቦርቦር የቀነሰበት አንዱ ትልቅ ምክንያት እሱ ነው። እኛ ጋ ስኳሩ ቀድሞ ገባ።

ወደ ዕቃው ልግባ። ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ሦስት ሳሙና ገዝቼ ጀርባቸውን አነበብኩ። አንዱ የቅርንፉድ ሥዕል አለበት፤ ሽታው ደስ ይላል፣ ግን ፍሎራይድ የሚል ቃል የለበትም። የልጆች ተብሎ የሚሸጠው ባለ እንጆሪው 500 ፒፒኤም ይላል (ፒፒኤም የፍሎራይዱ መጠን መለኪያ ነው)፤ ያንሳል። ሦስተኛው፣ ተራው የአዋቂ ሳሙና፣ በደቃቅ ፊደል «ሶዲየም ፍሎራይድ 1450 ፒፒኤም» ተጽፎበታል። እሱን ውሰዱ። ከ1000 እስከ 1500 ያለ ሁሉ ይሆናል፤ ስሙ አያሳስባችሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2021 (እ.ኤ.አ.) የፍሎራይድ ሳሙናን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። ከሱቅ ስትገዙ ፀሐይ ላይ የዋለውን ተዉት፣ ቀኑንም እዩ።

መጠኑ ላይ ተጠንቀቁ። ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከ3 እስከ 6 የአተር ፍሬ ታህል። ልጅ ሳሙና እንዳይውጥ አጠገቡ ቁሙ፤ የሚዋጥ ፍሎራይድ ሲበዛ ጥርስን ያበልዛል። ወንጂ አካባቢ የበለዘ ጥርስ የበዛው የመጠጥ ውሃው ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ነው።

በቀን ሁለቴ፣ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት። ካጠበ በኋላ ይትፋ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ፤ ይህችን እኔም በቅርብ ነው ያወቅኋት። መፋቂያ የምትወዱም አትተዉት፣ ሳሙናውን ጨምሩበት።

ክሊኒክ ስትመርጡ በር ላይ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «የወተት ጥርስ ትሞላላችሁ?» «ይነቀል፣ ሌላ ይበቅላል» ካሏችሁ ሌላ ጋ ሂዱ።