ከአጥር ስር ያገኘናት የወፍ ጫጩት ምን ትሁን?

ጠያቂዋ፣ ፍራንክፈርት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ጠዋት ልጆቼ ከጓሯችን አጥር ስር የወፍ ጫጩት አገኙ። ቡናማ ናት፣ ደረቷ ዝንጉርጉር፣ ጅራቷ አጭር። ትዘላለች እንጂ አትበርም። ጀርመኖቹ አምዘል የሚሉት ጥቁሩ ወፍ ልጅ ትመስለኛለች። የጎረቤት ድመት እንዳይበላት ፈርተን የጫማ ካርቶን ውስጥ አስገባናት። ልጆቹ እንጀራ አርሰው ሊያጎርሷት ሞከሩ፣ እምቢ አለች። ምን ላድርግ? በእጃችን ስለነካናትስ እናቷ ትጠላት ይሆን?

የሰፈር ልጅ፦
እኛ ልጅ እያለን በጥጥ ወተት እናጠባ ነበር። ሞክሪው።

የጓሮ ሰው፣ ሽቱትጋርት፦
ኧረ ወንድሜ፣ ወተቱ ይቅር! ለወፍ ሆድ አይስማማም። ውሃም ቢሆን ምንቃሯ ውስጥ አይንጠባጠብም። የአየር ቧንቧዋ የሚከፈተው ከምላሷ ሥር ስለሆነ በቀላሉ ሳንባዋ ይገባል። እንጀራውንም ተዉት፤ እሷ የምትበላው ትልና ነፍሳት ነው።

እህቴ፣ አትደንግጪ። ይቺ ልጅ አልጠፋችም። የአምዘል ጫጩቶች በ2 ሳምንት አካባቢ መብረር ሳይችሉ ነው ከጎጆ የሚወጡት። ወንድምና እህቶቿ ሌላ ሌላ ቁጥቋጦ ስር ተበታትነው ይሆናል። እንዲህ ሲሆን አንድ ድመት ሁሉንም ጠራርጎ አይበላም። ወላጆቻቸው ድምፃቸውን እየሰሙ ለተጨማሪ 2 ወይም 3 ሳምንት መሬት ላይ ይመግቧቸዋል። ብዙ ጊዜ ይህን የሚያደርገው አባትየው ነው፤ እናትየው ለሚቀጥለው እንቁላል ትዘጋጃለች። ስለዚህ ካገኛችኋት ቦታ መልሷት፣ ጥቅጥቅ ያለው ቁጥቋጦ ስር። ከዚያ ቤት ግቡና በመስኮት እዩ። እናንተ አጠገቧ ከቆማችሁ ማንም አይመጣም። የሰው እጅ ነክቷት እናቷ ትተዋለች የሚባለው ተረት ነው።

ድመት ያላት፣ ሃይፋ፦
እዚህም ጥቁሩ ወፍ በየግቢው ሞልቷል። አንድ ነገር ልጨምር። ድመት ነክሷት ከሆነ ግን ቁስሉ ባይታይም ጠብቄ ልይ አይባልም። የድመት ምራቅ ደሟን ይመርዛል፤ በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ጋ መድኃኒት ያስፈልጋታል። ለጎረቤትሽ ደግሞ በትህትና ንገሪው፣ ድመቱን ለጥቂት ቀን በተለይ ጎህ ሲቀድ ቤት ያቆየው። እኔ የራሴን አስገብቼ አምርሮ ሲጮህብኝ ነው የከረመው።

የጓሮ ሰው፦
ልክ ነሽ። ላባ ያላበቀለች፣ ዓይኗ ያልተከፈተ ብትሆን ደግሞ ነገሩ ሌላ ነበር። እሷን አንስቶ ወደ ጎጆዋ መመለስ ነው። ጎጆው ወድቆ ከሆነ ትንሽ ቅርጫት እዚያው ቁጥቋጦ ላይ ታስሮላት ትገባለች።

አዲስ አበቤ፦
የኛም ግቢ ውስጥ ብርቱካናማ ምንቃር ያለው፣ ሳር ላይ ትል የሚለቅም ወፍ አለ። የዚሁ የአምዘል ዘመድ ነው። የሱ ልጆችም ደረታቸው ዝንጉርጉር ነው። ባለፈው ክረምት ዘበኛችን አንዱን ሊያሳድግ ወስዶ በማግስቱ ሞተበት። እነዚህን መልሶች ያኔ ባነብ ኖሮ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! መለስናት። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም የለም፣ ልቤ ቆመ። ከዚያ ቢጫ ምንቃሩ ጥቁሩ ወፍ ትል ጎርሶ መጣ። ልጆቹ መስኮት ላይ ሆነው ጮኹ፣ ደግነቱ አልሰማም። አሁን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ባለቤቴ ቅዳሜ ያንን አጥር ሊከረክም ነው።

የጓሮ ሰው፦
መቀሱን ደብቂበት! ጀርመን ውስጥ ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 አጥርን ከሥሩ መቁረጥ በሕግ ክልክል ነው። የዚያ ዓመቱን ለጋ ቅጠል ማስተካከል ይፈቀዳል፣ ግን ጎጆ ያለበትን መረበሽ አይቻልም። አምዘል በአንድ ዓመት 2 እና 3 ጊዜ ስለምትፈለፍል ምናልባት አሁንም ውስጡ እንቁላል ላይ የተቀመጠች ትኖራለች።

ጠያቂዋ፦
ሄጄ ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ አየሁ። አለች።