ከትንሽ ባዮዳይናሚክ እርሻ ዘርና ችግኝ ልገዛ ነው፤ ምን ልጠይቅ?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጓሮ መትከል ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። አምና የገዛሁት የሽንኩርት ዘር ግማሹም አልበቀለም። የቲማቲም ችግኞቹ ደግሞ ቀጫጭንና ረጃጅም ነበሩ፤ በተከልኳቸው ማግስት ተኙ። አሁን አንዲት ትንሽ ባዮዳይናሚክ እርሻ (ያለ ኬሚካል፣ በብስባሽና በልዩ የእበት ዝግጅት የሚያርሱ) አግኝቻለሁ። «ዘራችን ጉልበተኛ ነው» ይላሉ። እውነት ነው? ምን ብዬ ልጠይቃቸው?

ዘር ቆጣሪ፦
የሽንኩርት ዘር ቶሎ ይሞታል። አንድ ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት። የቲማቲም ግን ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ 4 ዓመትም ይቆያል። ስለዚህ መጀመሪያ «ዘሩ መቼ ተሰበሰበ?» በያቸው። ሲደርስሽ ሁሉንም አትዝሪ። 20 ፍሬ ቆጥረሽ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልይና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪ። 16ቱ ከበቀለ 80 በመቶ ነው፤ ጥሩ ነው። 10 ብቻ ከሆነ ወይ ጠቅጠቅ አድርገሽ ዝሪ ወይ መልሺላቸው።

ተጠራጣሪው፦
ስሙ ብቻ ዘር አያጎለብትም። ነገሩ የተጀመረው ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ሩዶልፍ ስታይነር እ.ኤ.አ. በ1924 በሰጣቸው ስምንት ትምህርቶች ነው። እበት ላም ቀንድ ውስጥ ሞልቶ መቅበር፣ አውጥቶ በውሃ አንድ ሰዓት ማማሰል... በበኩሌ ለዘር ጉልበት ይሰጣል የሚል አሳማኝ ማስረጃ አላየሁም። የዴሜተር ምልክት (የባዮዳይናሚክ እርሻ ማረጋገጫ) ካላቸው ግን ቢያንስ አሠራራቸውን ሌላ ሰው መርምሮታል ማለት ነው።

እበት ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ቀንዱን ተወው እሺ። እኔ እንዲህ ያለ እርሻ ላይ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ልዩነቱን ያየሁት ምርጫው ላይ ነው። በኬሚካል ማዳበሪያ ሳይደገፍ፣ በብስባሽ ብቻ ደህና የቆመውን ተክል ለዘር ያስቀራሉ። ያንን በየዓመቱ ሲደጋግሙት ዘሩ አፈሩን ይለምዳል።

እህቴ፣ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ዘሩን ራሳቸው አምርተውት ነው ወይስ ከሌላ ገዝተው አሽገውት? ራሳቸው ከሆኑ ከስንት እናት ተክል ሰበሰቡት? ቲማቲምና ቦሎቄ በአብዛኛው ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ ጥቂት ተክል ይበቃቸዋል። በቆሎ ግን ከጥቂት ተክል ከተወሰደ በየትውልዱ እየደከመ ይሄዳል። ዱባ ደግሞ ንብ ያመጣለትን ሁሉ ይቀበላል። እኔ አንዴ ዱባ ብዬ ዘርቼ ያበቀልኩት ነገር እስካሁን ስም አላገኘሁለትም።

ድቅል (ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች የተዳቀለ) መሆኑንም ጠይቂ። ከድቅል የለቀምሽው ዘር እናቱን አይመስልም።

ችግኝ አፍዪ፦
ስለ ችግኝ ማንም አላወራ! ከዕቃው አውጥተው ሥሩን ያሳዩሽ። ነጭ ሥር ጤነኛ ነው። ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከታፈነ ተዪው። አጭርና ወፍራም ግንድ ምረጪ፤ አበባ የያዘ ትንሽ ችግኝ አያታልልሽ። ቤት ስታመጪው ቶሎ ፀሐይ ላይ አታውጪው፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ቀስ በቀስ አለማምጂው። የአምናዎቹ የተኙት ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ጀማሪዋ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፦
ደወልኩላቸው። ቲማቲሙና ቦሎቄው የራሳቸው ነው፤ የሽንኩርቱን ግን ገዝተው እንደሚሸጡ ሳይደብቁ ነገሩኝ። ሽንኩርቱን ተውኩት። ከ20 የቲማቲም ፍሬ 17ቱ በቅሏል! አሁን ጨርቁ ላይ የበቀሉትን መትከል ይቻላል ወይስ ይጣላሉ?

ዘር ቆጣሪ፦
ኧረ እንዳትጥያቸው! ሥሩን ሳትነኪ ቅጠሏን ይዘሽ አፈር ውስጥ አስገቢያት። ሥሩ ጨርቁ ላይ ከተጣበቀ ጨርቁን ቆርጠሽ አብረሽ ቅበሪው።