ፕራዶ ሙዚየምን ከአረጋዊት እናትና ከ12 ዓመት ልጅ ጋር በግማሽ ቀን እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ጥያቄ፤ ከተጓዧ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አባላት። በሚቀጥለው ወር ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ስፔን ስንሄድ ሰኞንና ማክሰኞን ማድሪድ ላይ እንቆያለን፤ ከዚህም ውስጥ ግማሹን ቀን ለፕራዶ ብሔራዊ ሙዚየም ለመስጠት አስቤአለሁ። አብረውኝ የሚሄዱት የ68 ዓመት እናቴና የ12 ዓመት ወንድ ልጄ ናቸው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መቆም አትችልም፤ ሥዕል ግን አጥብቃ ትወዳለች፤ በተለይ ከልጅነቷ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያየች ስላደገች፣ የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በሥዕል ስታገኝ ፊቷ ይበራል። ልጄ በበኩሉ ሙዚየም ማለት «ዝም በል፣ አትንካ» የሚባልበት ቦታ ነው ብሎ ከወዲሁ አኩርፏል።

ማምሻውን መግቢያው ነጻ እንደሚሆን ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ ያን ሰዓት ብንጠብቅ ይሻላል ወይስ ከፍለን በጠዋት ብንገባ? በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት ውስጥ የትኞቹን ሥዕሎች ብናይ ሳንቆጭ እንወጣለን? ፎቶግራፍ ማንሣትስ ይፈቀዳል? በመጨረሻም ልጄ የፒካሶን «ጌርኒካ» በትምህርት ቤት መጽሐፉ ላይ ስላየው «እሱን ካሳየሽኝ ብቻ እመጣለሁ» ብሎኛልና፣ ሥዕሉ እዚያው ፕራዶ ውስጥ ይገኛል?

መልስ፤ ማድሪድ ከሚኖር አባል

እኅቴ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጨረሻው ጥያቄዎ ላይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። «ጌርኒካ» ፕራዶ ውስጥ የለም። ሥዕሉ በ1981 ከኒው ዮርክ ወደ ስፔን ሲመለስ (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መጀመሪያ የተሰቀለው በፕራዶ ሥር በሚተዳደር በአቅራቢያው ባለ ሕንጻ ነበር፤ የቆየ የጉዞ መጽሐፍ ያነበበ ሰው እስከ ዛሬ ፕራዶ ገብቶ የሚጠይቀው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ከ1992 ጀምሮ ግን የሚገኘው በሬይና ሶፊያ ሙዚየም ነው። ሁለቱ ሙዚየሞች ብዙ አይራራቁም፤ ለጤነኛ ሰው የሩብ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው፤ ለእናትዎ ግን ታክሲ ይያዙላቸው።

ነጻ መግቢያው እውነት ነው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከ18:00 እስከ 20:00፣ እሑድና በበዓላት ቀን ደግሞ ከ17:00 እስከ 19:00 ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በስፔኖች ዘንድ 18:00 የሚባለው በእኛ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። በአገራችን አቆጣጠር አስልተው ለሌላ ሰው ሲያስተላልፉ የስድስት ሰዓት ስሕተት እንዳይገባ፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ቢጠቀሙ ይሻላል። አንድ የዘመድ ቤተሰብ በዚሁ ምክንያት ትኬቱ ካለፈበት በኋላ በር ላይ ደርሶ አይቻለሁ።

ለእናንተ የምመክረው ግን ጠዋቱን ነው። ሙዚየሙ በ10:00 ይከፈታል። እኔ በቅርቡ ስሄድ ሙሉው ትኬት 15 ዩሮ ነበር፤ ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ግማሽ ዋጋ ሲሆን ከ18 ዓመት በታች ያሉት ደግሞ በነጻ ይገባሉ። ስለዚህ ከሦስታችሁ ሙሉውን የሚከፍሉት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ይህን ለመቆጠብ ብሎ አረጋዊትን ሴት ማታ ሰልፍ ላይ ማቆም አያስፈልግም። የእናትዎን ዕድሜ የሚያሳይ ፓስፖርት መያዝዎን አይርሱ። ትኬቱን በኢንተርኔት አስቀድመው ከገዙ ከሙዚየሙ በስተ ጀርባ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ባለው በሄሮኒሞስ በር መግባት ይቻላል። ይህ በ2007 የተጨመረው አዲሱ ክፍል ነው፤ ካፌው፣ የዕቃ ማስቀመጫውና የመጻሕፍት መሸጫው እዚያው አሉ።

ፎቶግራፍ ማንሣት በሥዕል ክፍሎቹ ውስጥ ጨርሶ አይፈቀድም፤ ያለ ፍላሽ ቢሆንም እንኳ ጠባቂዎቹ ወዲያው ይከለክላሉ። ትልቅ ሻንጣም ስለማያስገቡ ሆቴል ትታችሁት ኑ።

መልስ፤ ከሁለት ልጆች አባት

ከላይ ከተጻፈው በአንድ ነገር ብቻ እለያለሁ። ነጻው ሰዓት የተናቀ መሰለኝ። እኔ ከቤተሰቤ ጋር በነጻው ሰዓት ገብቼ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ሰልፉ ረጅም ቢሆንም በፍጥነት ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ሁለት ሰዓትም ለልጅ ከበቂ በላይ ነው። ልጅ ሙዚየምን የሚጠላው አዋቂው ገንዘቡን ለማስመለስ ብሎ ክፍል ለክፍል ሲጎትተው ነው። ሳንከፍል ስለገባን አምስት ሥዕል አይተን ስንወጣ ማናችንም አልቆጨንም።

ለልጅዎ የሚሆን ብልሃት ልንገርዎት። ከመሄዳችሁ በፊት የሂሮኒመስ ቦሽን «የምድራዊ ደስታ ገነት» በኢንተርኔት አሳዩትና አሥር እንግዳ ፍጥረታት መርጦ በወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ሙዚየሙ ውስጥ እነሱን ፈልጎ ያግኝ። ወፍ ራስ ያለው ጭራቅ ሰው ሲውጥ፣ ሁለት ጆሮዎች ቢላ ይዘው ሲሄዱ፣ ሰው በበገና አውታር ላይ ተሰቅሎ፣ ሁሉም እዚያ ሥዕል ላይ አለ። የእኔ ልጅ ከሥዕሉ ፊት ሃያ ደቂቃ ሙሉ ቆሞ «አባዬ፣ ቆይ አልጨረስኩም» ሲለኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

መልስ፤ ከሥዕል መምህር

ስለ ሰልፉ የተባባላችሁትን ለእናንተ ትቼ ወደ ሥዕሎቹ ልግባ፤ ምክንያቱም ጥያቄው «ምን እንይ» የሚለው ነውና።

በቅድሚያ ፕራዶ ምን ዓይነት ሙዚየም እንደሆነ ማወቅ ይረዳል። በ1819 ለሕዝብ ሲከፈት የያዘው የስፔን ነገሥታት ለዘመናት የሰበሰቧቸውን ሥዕሎች ነበር፤ ሕንጻውን ሁዋን ደ ቪያኑዌቫ የነደፈው ግን ለተፈጥሮ ሳይንስ ስብስብ ነበር። ነገሥታቱ የሚወዱትን ብቻ ስለገዙና ስላሠሩ ስብስቡ ሁሉን ነገር በመጠኑ አይይዝም፤ የቬላስኬዝ፣ የጎያ፣ የቲሲያን፣ የሩበንስና የቦሽ ሥራዎች ሞልተውበታል፤ ቫን ጎግን ፈልጎ የመጣ ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከምድር ወለሉ ጀምሩ፤ በካርታው ላይ 0 ተብሎ የተመለከተው ነው። ለእናትዎ የመጀመሪያ አድርጌ የምመርጥላቸው የፍራ አንጀሊኮን «ብሥራት» ነው። መልአኩ ገብርኤልና እመቤታችን በቀኝ በኩል ከቅስቶቹ ሥር ሲታዩ በግራ በኩል ደግሞ አዳምና ሔዋን ከገነት ሲባረሩ ይታያሉ፤ ውድቀቱና የመዳኑ መጀመሪያ በአንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ተሥለዋል። አንድን ታሪክ ከሌላው ጋር በአንድ ግድግዳ ማገናኘትን ከልጅነታቸው ለለመዱ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። እንዲያውም እናትዎ ለልጅዎ ያስረዱለት፤ አስጎብኚ ከመቅጠር ይሻላል።

ቀጥሎ የሮጊር ቫን ደር ዌይደን «ከመስቀል ማውረድ» ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ከተቻለ ከዚህ ሥዕል ፊት ተቀመጡ። ወርዱ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ሲሆን ሰዎቹ ሁሉ በጠባብ ሣጥን ውስጥ እንደተጨናነቁ ሆነው ተሥለዋል። የክርስቶስን ሥጋ አቀማመጥ ተመልክታችሁ ዓይናችሁን ወደታች ስታወርዱ፣ ራሷን ስታ የወደቀችው የእመቤታችን ሰውነት በዚያው መልክ ታጥፎ ታገኙታላችሁ፤ ልጁ የተቀበለውን መከራ እናቲቱ በገዛ አካሏ ስትደግመው ማለት ነው። በፊቶቹ ላይ ያለው እንባ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ለልጅዎ ደግሞ ከላይ ባሉት ማዕዘኖች የተሸሸጉትን ትንንሽ የቀስት ቅርጾች እንዲፈልግ ንገሩት፤ ሥዕሉን ያሠራው በሌቨን ከተማ የነበረ የቀስተኞች ማኅበር ስለሆነ ሠዓሊው ምልክታቸውን አስገብቶላቸዋል።

የቦሽ ሥዕል የሚገኘው 56ኤ በተባለው ክፍል ሲሆን ስለ እሱ ከእኔ በፊት የጻፉት አባት የተናገሩት ይበቃል። ሁለቱ የጎን ሰሌዳዎች እንደ መስኮት የሚዘጉ መሆናቸውን ብቻ ልጨምር፤ በጀርባቸው ዓለም በሦስተኛው ቀን ሲፈጠር ያለ ቀለም በግራጫ ተሥሏልና ወደ ጎን ዞራችሁ ማየትን አትርሱ።

በዚያው ወለል ላይ፣ በ64ኛው ክፍል፣ የጎያ «ግንቦት 3 ቀን 1808» አለ። ማድሪድ በፈረንሳይ ጦር ላይ በተነሣች ማግስት የተረሸኑትን ሰዎች የሚያሳይ ሲሆን ጎያ የሣለው በ1814 ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰው እጆቹን ዘርግቶ ቆሟል፤ በቀኝ መዳፉ ላይ የቁስል ምልክት አለ፤ ይህን እናትዎ ሳይነገራቸው ያዩታል ብዬ እገምታለሁ። የወታደሮቹ ፊት ግን አንዱም አይታይም። «ጌርኒካ»ን ለማየት ለጓጓ ልጅ ከዚህ ሥዕል መጀመር ተገቢ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ በዚያው አገር ሌላ ሠዓሊ ስለ ጦርነት የተናገረውን ይሰማልና።

በ67ኛው ክፍል ያሉት 14ቱ «ጥቁር ሥዕሎች» ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ጎያ ደንቁሮና አርጅቶ ሳለ በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሣላቸው ናቸው፤ ኋላ ተነሥተው ወደ ሸራ ተዛወሩ። ከእነዚህ አንዱ ሳተርን የተባለው የጥንት ሮማውያን አምላክ የገዛ ልጁን ሲበላ የሚያሳይ ስለሆነ ልጅዎ በቀላሉ የሚደነግጥ ከሆነ ይለፈው፤ ከሁሉም የምወዳትን ግን፣ አንገቷ ብቻ ከአፈር ብቅ ብሎ ወደ ባዶ ሰማይ የምትመለከተውን ውሻ ቢያያት ደስ ይለኛል።

ከዚያ ካፌ ገብታችሁ ዕረፉ። ዕረፍቱን ሳታደርጉ ወደ ላይ አትውጡ፤ ምክንያቱም ፎቅ 1 ላይ፣ በ12ኛው ክፍል፣ የቬላስኬዝ «ላስ ሜኒናስ» ይጠብቃችኋል፤ ደክሞት ያየው ሰው ከነመኖሩም አያስታውሰውም። በ1656 የተሣለው ይህ ሥዕል ከሦስት ሜትር በላይ ከፍታ አለው። ሠዓሊው ራሱ ብሩሹን ይዞ በግራ በኩል ቆሟል፤ ትንሿ ልዕልት ማርጋሪታ መሐል ላይ ናት፤ በኋለኛው ግድግዳ ባለው መስታወት ደግሞ ንጉሡና ንግሥቲቱ ይታያሉ። ልጅዎን «ሠዓሊው የሚሥለው ማንን ነው?» ብለው ይጠይቁትና ይተዉት። ንጉሡ በመስታወቱ ከታዩ ቆመው የነበረው እናንተ አሁን በቆማችሁበት ቦታ ነው ብሎ ራሱ ከደረሰበት ቀኑን ሙሉ ያወራላችኋል። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ተመልከቱት፤ ከዚያ ቀርባችሁ የልዕልቲቱን ቀሚስ ስታዩ ከሩቅ ጥልፍ ይመስል የነበረው ነገር ሁሉ ጥቂት የብሩሽ ጭረት ሆኖ ይበተናል።

ይህ ስድስት ወይም ሰባት ሥዕል ነው። የቀረውን መንገድ ላይ ካያችሁት አያችሁት፤ ካላያችሁት አይጠፋም።

መልስ፤ ማድሪድ ከሚኖር አባል

መምህር ያወጡትን መንገድ እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሙዚየሙ ለሚቸገሩ ጎብኚዎች ተሽከርካሪ ወንበር ያውሳል፤ አሳንሰርም አለው። እናትዎ መጀመሪያ «እኔ እኮ አልታመምኩም» ብለው ሊቆጡ ይችላሉ፤ የእኔም እናት ብለውኝ ነበር። ቢሆንም ተውሳችሁ ባዶውን እየገፋችሁ ሂዱ፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ራሳቸው ይቀመጡበታል።

ምላሽ፤ ከተጓዧ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ የ«ከመስቀል ማውረድ»ን ነገር ሳነብላት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ልጄም የቦሽን ሥዕል ከፍቶ አሥሩን ፍጥረታት መምረጥ ሲገባው ሃያ ሦስት ላይ ደርሷል። በጠዋት ከፍለን እንገባለን፤ ለነጻው ሰዓት የተከራከሩልኝን ወንድሜን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ከአምስት ሥዕል በኋላ መውጣት እንደሚቻል ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። እንግዲህ ሰኞ ጠዋት ፕራዶን አይተን ማክሰኞ ጠዋት በሬይና ሶፊያ «ጌርኒካ»ን ለማየት ወስነናል።

መልስ፤ ማድሪድ ከሚኖር አባል

እኅቴ፣ ትኬት ሳይገዙ ቀናቱን ይለዋውጧቸው። ሬይና ሶፊያ ማክሰኞ ዝግ ነው። ፕራዶ ግን በዓመት የሚዘጋው ጃንዋሪ 1፣ ሜይ 1 እና ዲሴምበር 25 ብቻ ስለሆነ ማክሰኞም ክፍት ሆኖ ያገኙታል። ሰኞ ለልጅዎ «ጌርኒካ»ን፣ ማክሰኞ ለእናትዎ ፕራዶን ያድርጉት።