የእንስሳት ሕክምና መማርና ከምረቃ በኋላ ያለው የሥራ ዕድል

ጥያቄ፦ የሰላሌ ልጅ

የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርቴን ጨርሼ የትምህርት ክፍል ምርጫ የምሞላበት ጊዜ ደርሷል። ያደግሁት የወተት ላም ከሚያረባ ቤተሰብ ነውና ፍላጎቴ የእንስሳት ሕክምና ነው። አባቴ ግን «ይህን ያህል ዓመት ተምረሽ ገጠር ልትቀመጪ ነው?» እያሉ ወደ ሰው ሕክምና እንዳዘነብል ይመክሩኛል። መንግሥት ካልቀጠረኝ ሌላ ምን የሥራ በር አለ? ሴት መሆኔስ በከብት ሥራ ላይ ያስቸግረኝ ይሆን? ወደ ውጭ አገር ብሄድ ዲግሪው ይሠራልኛል? በሙያው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ብትመልሱልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የወተት ከብት ሐኪም

እህቴ፣ የአባትሽ ስጋት መሠረት አለው፤ የመንግሥት ቅጥር እንደ ቀድሞው ተመራቂውን ሁሉ አይቀበልም፣ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። ሆኖም በቀንድ ከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም በሆነች አገር ሥራው ራሱ አልጠፋም። እንደ ቢሾፍቱ፣ ሆለታና የአንቺው ሰላሌ ባሉ የወተት አካባቢዎች አርቢው ለሕክምና ይከፍላል፤ አንዲት የተዳቀለች ላም ስትታመም በየቀኑ የሚቀርበትን ገቢ ያውቀዋልና። ብዙ ጊዜ የምጠራው «ደህና ትበላለች፣ ወተቷ ግን ቀነሰ» ተብዬ ነው። አራት ጎድጓዳ ቦታ ባላት የፕላስቲክ ሳህን ከአራቱም ጡቶቿ ጥቂት ጥቂት ወተት አልቤ፣ የምርመራውን ፈሳሽ ጨምሬ ሳሽከረክረው፣ የታመመው ጡት ወተት እንደ አጥሚት ይወፍራል። ባለቤቱ ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ ስለ አስተላለብ ንጽሕና የምነግረውን ይሰማል፤ መድኃኒት የተወጋች ላም ወተት ለተወሰኑ ቀናት መሸጥ እንደሌለበትም ይቀበላል።

ሴትነትሽ አያሳስብሽ። በአስቸጋሪ ምጥ ጊዜ ዋናው ሥራ የጥጃውን አቀማመጥ በእጅ ዳስሶ ማወቅ፣ የታጠፈውን እግር ወይም የዞረውን ራስ ማስተካከልና ማለስለሻ በብዛት መጠቀም ነው። ጥጃው ሳይስተካከል አራትና አምስት ጎረምሳ ገመድ ይዞ ሲጎትት ላሚቱም ጥጃውም ይጎዳሉ። በግና ፍየል ሲሆንማ ቀጭን እጅ ይመረጣል።

መልስ፦ የቄራ ሐኪም

ከላይ የተጻፈው ትክክል ቢሆንም፣ የግል ክሊኒክ መክፈት ለአዲስ ተመራቂ ቀላል መስሎ እንዳይታይሽ። መድኃኒቱን በጥሬ ገንዘብ ገዝተሽ አገልግሎቱን በዱቤ የምትሰጪበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በገበያ ቀን መድኃኒት መሬት ላይ ዘርግቶ ያለ ፈቃድ የሚሸጠው ሰውም በዋጋ ይፎካከርሻል። መጀመሪያ ተቀጥሮ መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ።

እኔ የምሠራው ሞጆ አካባቢ፣ የበግና የፍየል ሥጋ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚልክ ቄራ ነው። እንስሳው ከመታረዱ በፊት በቁሙ፣ ከታረደ በኋላ ደግሞ ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ልቡና ዕጢዎቹ ይመረመራሉ፤ ሐኪሙ ካላለፈው ሥጋው አይጫንም። ቀድሞ በሠራሁበት የከተማ ቄራ የበሬውን የመንጋጋ ጡንቻ፣ ምላስና ልብ እየሰነጠቅን የኮሶ እጭ እንፈልግ ነበር። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ይህ ሥራ የሰውን ጤና መጠበቅ ስለሆነ ለአባትሽ ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል።

ከዚህ ሌላ ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ክትባት ማምረቻውና የክትባት ጥራት የሚፈትሸው የአፍሪካ ኅብረት ማዕከል ፓንቫክ፣ ሰበታ ላይ ደግሞ የምርመራ ላቦራቶሪው አሉ። በአርብቶ አደሩ አካባቢም የወረርሽኝ መከላከል ሥራ አለ። «ክፉ ቀን» የተባለውን ረሃብ ያስከተለው፣ ከብት የሚፈጀው የደስታ በሽታ በአፋር የተገታው ሙቀት የሚቋቋም ክትባት በሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች እጅ በየመንደሩ እንዲደርስ በመደረጉ ነበር፤ በሽታው ከዓለም መጥፋቱም በ2011 እ.ኤ.አ. ታውጇል። አሁን ደግሞ በግና ፍየል የሚፈጀውን ደስታ መሰል በሽታ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ታቅዷል። በዚህ መስክ መሥራት የምትፈልጊ ከሆነ ኤፒዲሚዮሎጂን (የበሽታ ሥርጭት ጥናትን) እና ስታቲስቲክስን ቸል አትበይ።

መልስ፦ ከአሜሪካ

ስለ ውጭ አገር የጠየቅሽውን ልመልስ። እዚህ በኢትዮጵያ ዲግሪ ብቻ በሐኪምነት መሥራት አይቻልም። በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በኩል የእንግሊዝኛ ችሎታ ማረጋገጫ፣ የጽሑፍ ፈተና፣ ከዚያም የተግባር ፈተና ይጠበቅብሻል፤ በመጨረሻም የፈቃድ ፈተናው አለ። ወጪው ከባድ ስለሆነ ብዙዎች በረዳትነት ወይም በላቦራቶሪ እየሠሩ ነው የሚዘጋጁት። በተግባር ፈተናው ውሻ አደንዝዞ ማምከን፣ ራጅ ማንበብ፣ ፈረስ መመርመር አለበት፤ በአገር ቤት ትኩረቱ በከብት፣ በበግና በፍየል ላይ ስለሆነ ብዙዎቻችንን የፈተነን ይኸው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ስትመርጪ፣ ቢሾፍቱም ይሁን ጎንደር፣ ሐሮማያ ወይም ጅማ፣ ተማሪው በገዛ እጁ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበትና ውሻና ፈረስ የሚታከምበት ክሊኒክ መኖሩን ከነባር ተማሪዎች ጠይቂ። የእያንዳንዱን ኮርስ ዝርዝር መግለጫም ከመመረቅሽ በፊት በማኅተም አስወጥተሽ አስቀምጪ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ስኮላርሺፕ ስታመለክቺም ሊጠይቁሽ ይችላሉ።