«ኢንዲጂነስ ስታተስ» በወንጀል ተጎጂዎች ቅጽ ላይ፦ ትርጉሙ ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ የአውስትራሊያ ፖሊስ ተጎጂን ሲመዘግብ የሚሞላው ይህ ሳጥን (Indigenous status፣ ተጎጂው ከአገሪቱ ነባር ሕዝቦች መሆን አለመሆኑን የሚጠይቀው) «የተወላጅነት ሁኔታ» ቢባል ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም። የጎንደር ተወላጅ ስንል የተወለደበትን ወይም የወላጆቹን ስፍራ ነው። ሜልበርን የተወለደ የኢትዮጵያውያን ልጅ «የአውስትራሊያ ተወላጅ ነህ?» ቢሉት «አዎ» ይላል፤ መዝገቡ ተበላሸ ማለት ነው። «አገር በቀል» ደግሞ ለዛፍና ለዕውቀት እንጂ ለሰው አይመችም። ለርዕስ «ነባር ሕዝብ» ጥሩ ነው። ለጥያቄው ግን ሁለቱን የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ አቦርጂናልንና የቶረስ ሰርጥ ደሴተኞችን፣ በስም መጥራት ይሻላል፤ የአገሪቱ ስታቲስቲክስ ቢሮ መደበኛ ጥያቄም እንደዚያው ነው፦ «ትውልድዎ ከአቦርጂናል ወይም ከቶረስ ሰርጥ ደሴተኞች ነው?» ከሁለቱም የሚወለድ ሁለቱም ላይ ምልክት ያደርጋል።

ጥያቄ፦ «ተበዳይ» ወይስ «ተጎጂ»?

መልስ፦ «የግል ተበዳይ» የክስ መዝገብ ቋንቋ ነው። ሟችንም ለሚያካትት ቆጠራ «ተጎጂ» ይስማማል።

ተጨማሪ፦ ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብን በዚሁ ሳጥን መልሶች፣ «አይደለም» እና «አልተገለጸም» ላይ ነው። ሁለቱ ፈጽሞ አይቀላቀሉም። ፖሊሱ መልክ አይቶ ከሞላ፣ ወይም ባዶ የተተወው ሳጥን «አይደለም» ተብሎ ከተቆጠረ፣ የተጎዱት ነባር ሕዝቦች ቁጥር ከእውነቱ ያንሳል። ስለዚህ ጥያቄው ለሁሉም ተጎጂ መቅረብ አለበት፤ ሟች ከሆነ ቤተሰቡ ይጠየቃል። ቢሮው ለረጅም ዓመታት በዚህ ረገድ የተጎጂዎችን አኃዝ ያወጣ የነበረው ለአንዳንድ የአገሪቱ ግዛቶች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ለኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ለኩዊንስላንድ፣ ለደቡብ አውስትራሊያና ለሰሜናዊ ቴሪቶሪ፤ የሌሎቹ መረጃ ጥራት አልበቃም።

ሌላ አስተያየት፦ «ምጣኔ» (የተጎጂዎች ቁጥር ለሕዝቡ ብዛት ሲካፈል) ስትተረጉሙ አካፋዩንም፣ ማለትም የሕዝቡን ብዛት፣ አትርሱ። በአውስትራሊያ የሕዝብ ቆጠራ ነባር ነኝ ያሉት እ.ኤ.አ. በ2016 649,171 ነበሩ፤ በ2021 812,728 ሆኑ። ጭማሪው የወሊድ ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ ማንነታቸውን ያልገለጹም ገልጸዋል። በቆጠራው ራሱን ነባር ያለ ሰው ፖሊስ ዘንድ ሳይጠየቅ ከቀረ፣ አካፋዩ ውስጥ አለ፣ ተካፋዩ ውስጥ የለም፤ ምጣኔውም ያለ አግባብ ይወርዳል።

ጥያቄ፦ ለካናዳስ ይኸው ይሠራል?

መልስ፦ «ነባር ሕዝቦች» የሚለው ርዕስ ይሠራል፤ ምርጫዎቹ ግን የካናዳ ነባር ሕዝቦች ሦስት ስሞች፣ ፈርስት ኔሽንስ፣ ሜቲ እና ኢኑዊት ናቸው። ሦስቱንም እንዳሉ ጻፏቸው፤ «ፈርስት ኔሽንስ»ን «የመጀመሪያ ብሔሮች» ብትሉት ቅጹን የሚሞላው ሰው የማንን ስም እንደተጠየቀ አያውቅም።